የጓሮ እርሻ በምዕራብ ደቡብ ወሎ

የጓሮ እርሻ በምዕራብ ደቡብ ወሎ በመካነ ሰላም ከተማና በአካባቢዋ ባሉ የደጋ ወረዳዎች የሚገኝ የቆየ የአመራረት ልማድ ነው። በመኖሪያ ቤት ዙሪያ ባለች አነስተኛ መሬት ላይ አትክልት፣ ቅመማ ቅመም፣ የመድኃኒት ዕፅዋት፣ ጌሾና ዛፍ ተደባልቀው ይለማሉ። ልማዱ ከደቦ፣ ከቅሬ፣ ከማኅበርና ከሰደቃ ጋር የተያያዘ ሲሆን በጓሮ የበቀለው በብዛት የሚበላው በእነዚህ የጋራ ማዕዶች ላይ ነው። የጓሮ እርሻ ከቤተሰብ ምግብነቱ ሌላ የአካባቢውን ዘር ጠብቆ በማቆየት በኩል ከዕፅዋት ማዕከልና ከዘር ባንክ ጋር የሚቀራረብ አገልግሎት ይሰጣል። በድርቅና በበልግ መጥፋት በተደጋጋሚ ለተጎዳ አካባቢ ይህ አገልግሎት ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

ስያሜ

«ጓሮ» ማለት ከቤት ጀርባ ወይም ጎን ያለ፣ ብዙ ጊዜ የታጠረ ቦታ ነው። የእህል ማሳው «እርሻ» ወይም «ማሳ» ሲባል ለቤት ቅርብ የሆነው፣ በፍግና በአመድ የዳበረው መሬት ግን «ጓሮ» ይባላል። በከተማ በቤት ግቢ የሚለማው «የጓሮ አትክልት» በሚለው ስም ይታወቃል። በመንግሥትና በጥናት ጽሑፎች ደግሞ «የጓሮ ልማት» እና «የቤተሰብ እርሻ» የሚሉ ስያሜዎች ይገኛሉ። ዕፅዋትን ለምርምር፣ ለትምህርትና ለጥበቃ ሰብስቦ የሚያለማው ተቋም በአማርኛ «የዕፅዋት ማዕከል» ይባላል።

መልክዓ ምድርና የአየር ጠባይ

መካነ ሰላም በአማራ ክልል በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ በስተ ደቡብ ምዕራብ የምትገኝ ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2600 ሜትር ከፍታ አላት። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ከሁለቱ ግቢዎቹ አንዱ በዚህች ከተማ ይገኛል፤ ሌላው በቱሉ አውሊያ ነው። በአካባቢው ካሉት ወረዳዎች ወግዲ፣ ከላላ፣ ለጋምቦ፣ አማራ ሳይንትና መሐል ሳይንት ይጠቀሳሉ። ከምዕራብ የዓባይ ሸለቆ አካባቢውን ከጎጃም ይለየዋል፤ በስተ ሰሜን ደግሞ የበሽሎ ወንዝ ጥልቅ ገደል ፈጥሮ ወደ ዓባይ ይወርዳል።

በዚህ የተነሣ በአጭር ርቀት ውስጥ ብዙ የአየር ንብረት ይገኛል። በተለመደው አከፋፈል ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ወይና ደጋ፣ ከ2300 እስከ 3200 ሜትር ደጋ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ውርጭ ይባላል። በሸለቆዎቹ ግርጌ ቆላ አለ። ማሽላ ከሚበቅልበት ቆላ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ መንገደኛ የጤፍን፣ የስንዴን፣ የባቄላንና የገብስን ማሳዎች በቅደም ተከተል ያያል፤ ከገብሱ በላይ ጓሳና አስታ ብቻ ይቀራሉ።

ዝናቡ ሁለት ወቅት አለው። ዋናው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን በእርሱ የሚመረተው «መኸር» ይባላል። ሁለተኛው በልግ ነው፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ይጥላል። በከፍተኛው ደጋ በክረምት ውርጩና በረዶው ስለሚበዛ፣ ማሳውም ውኃ ስለሚቋጥር፣ ብዙ ቤተሰቦች ከመኸሩ ይልቅ ገብስ የሚዘሩበት በልግ ዋና ተስፋቸው ነው። በልግ ግን የሚታመን ዝናብ አይደለም። በ1991 ዓ.ም. በልጉ ሳይጥል በመቅረቱ የደቡብ ወሎ ደጋ ለከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጋልጧል።

የጓሮው አደረጃጀት

የጓሮ ስፋት እንደ ቤተሰቡ የመሬት ይዞታ ይለያያል፤ አቀማመጡ ግን ተመሳሳይነት አለው። ለበሩ ቅርብ የሆነው ቦታ ለቅመምና ለመድኃኒት ዕፅዋት ይሆናል፤ ወጥ እየተሠራ ቶሎ ወጥቶ ለመቁረጥ ያመቻል። ከዚያ ቀጥሎ የጎመን፣ የነጭ ሽንኩርትና የድንች መደብ አለ። ዱባና ቅል በአጥሩ ሥር ተተክለው በአጥሩ ወይም በጣሪያው ላይ ይሳባሉ። ጌሾ ብዙ ዓመት የሚቆይ ቁጥቋጦ ስለሆነ ዳር ዳሩን ይይዛል። ከሁሉም ውጭ ባሕር ዛፍ፣ ወይራ፣ ብሳና ወይም ግራዋ ይቆማል።

አጥር የጓሮ የመጀመሪያ ጉዳይ ነው። እህል ከታጨደ በኋላ ከብት በየማሳው በነፃ የሚለቀቅበት ልማድ ስላለ ያልታጠረ ጓሮ ከኅዳር በኋላ ምንም አያተርፍም። ስለዚህ እሾህ፣ የድንጋይ ካብ፣ ቁልቋልና ሰንሰል ለአጥርነት ያገለግላሉ። ሰንሰል ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል በቀላሉ ይጸድቃል።

የአፈሩ ለምነት የሚመጣው ከቤቱ ነው። የከብት ፍግ፣ የምድጃ አመድና የቤት ጥራጊ ወደ ጓሮ ይጣላል። ሆኖም እንጨት በጠፋበት አካባቢ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ኩበት በበዛበት ቤት ፍግ ያንሳል። በመሆኑም የማገዶ እጥረት በቀጥታ የጓሮውን ምርት ይቀንሳል።

የጓሮ ሥራ የቤተሰቡ ሁሉ ነው፤ ሆኖም የዘሩ ምርጫ፣ ኩትኳቶውና ሽያጩ ባመዛኙ በሴቶች እጅ ነው። እናት ለልጇ፣ አማት ለምራቷ የጎመን ፍሬ፣ የጤና አዳም ግንድ ወይም የነጭ ሽንኩርት ጥርስ ትሰጣለች። ጎረቤት ለጎረቤትም እንዲሁ ይሰጣጣል። በገበያ ቀን ጎመን፣ ጌሾና ቅመም ይዛ የምትሄድ ሴት ያገኘችውን ገንዘብ ለጨው፣ ለቡናና ለልጆች ደብተር ታውለዋለች።

ዋና ዋና ዕፅዋት

በአካባቢው ጓሮዎች በብዛት የሚገኙት የሚከተሉት ናቸው።

ጎመን፦ የሐበሻ ጎመን መገኛው ኢትዮጵያ እንደሆነ የዕፅዋት ሊቃውንት ይስማማሉ። ቅጠሉ ይቀነጠሳል፤ ፍሬው ደግሞ ምጣድ ለማሰሻና ለዘይት ይውላል። ቅጠሉ በተደጋጋሚ ስለሚቆረጥ አንድ መደብ ጎመን ለረጅም ጊዜ ያገለግላል።

ድንች፦ ድንችን ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። በደጋው ወሎ በበልግ የተተከለ ድንች ሰኔና ሐምሌ ላይ ይደርሳል። ይህ ወቅት የአምናው እህል ያለቀበት፣ የዘንድሮው ገና ያላፈራበት ስለሆነ ድንችና ጎመን ክረምትን የሚያሻግሩ ምግቦች ናቸው።

ነጭ ሽንኩርት፣ አብሽ፣ ድንብላል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላና ኮሰረት፦ ለወጥ፣ ለሽሮና ለቅቤ ማንጠሪያ ያገለግላሉ። ሙቀት የሚወዱት በወይና ደጋው ይበዛሉ።

ጤና አዳም፦ በቡና ስኒ ይነከራል፤ ለሆድ ቁርጠትም ይሰጣል።

ፌጦና ስናፍጭ፦ ፌጦ ለመድኃኒትነት፣ ስናፍጭ ለስልጆና ለማባያ ይውላል።

ጌሾ፦ ጠላና ጠጅ ያለ እርሱ አይጠመቅም። ከጓሮ ተክሎች መካከል የገንዘብ ምንጭ በመሆን የሚታወቅ ነው።

ዱባና ቅል፦ ዱባ ለወጥ፣ ቅል ለዕቃ ነው። የደረቀ ቅል ውኃና ወተት መያዣ፣ የዘር ማስቀመጫም ይሆናል።

ከጓሮው ውጭ በአጥርና በጫካ ዳር የሚገኙት አጋም፣ ቀጋ፣ እንጆሪ፣ ኮሽምና ሾላ በልጆችና በእረኞች የሚበሉ ፍሬዎች ናቸው። ሳማ በቸገረ ጊዜ ተቀቅሎ ይበላል። እነዚህ ዕፅዋት ባይዘሩም አጥር የሚያጥር ሰው ሳይቆርጥ ስለሚተዋቸው ከጓሮው ሥርዓት ውጭ ናቸው ማለት አይቻልም።

የጋራ ሥራ

በአካባቢው የጉልበት ሥራ የሚከናወንባቸው የታወቁ መንገዶች ደቦና ወንፈል ናቸው። ደቦ አንድ ቤተሰብ ጎረቤቶቹን ጠርቶ በአንድ ቀን ብዙ ሥራ የሚያሠራበት ነው፤ ጠሪው ምግብና መጠጥ ያዘጋጃል። ወንፈል ደግሞ ተራ በተራ፣ ቀን በቀን የሚመላለስ ብድር ነው፤ ዛሬ የአንዱ፣ ነገ የሌላው ጓሮ ይቆፈራል። አጥር ማጠር፣ ድንች መቆፈርና ፍግ ማመላለስ በሁለቱም መንገድ ይሠራል። ባልዋ የሞተባት ወይም አቅመ ደካማ የሆነ ሰው ጓሮ በደቦ ሲቆፈር ብድር አይጠየቅበትም።

በወሎ እድር የሚመስለው ማኅበር «ቅሬ» ይባላል። ዋና ተግባሩ ቀብርና ሐዘን ቢሆንም አባላቱን የሚያሰባስብና ደንብ የሚያወጣ በመሆኑ ስለ ልቅ ግጦሽ፣ ስለ ምንጭ ጥበቃና ስለ መንገድ ጥገና ውሳኔ የሚተላለፍበት መድረክ ሆኖም ያገለግላል። የጓሮ እርሻ ያለ እንዲህ ያለ ስምምነት አይዘልቅም፤ አንድ ሰው ብቻውን አጥሮ የጎረቤቱን ከብት ሊከላከል ይችላል፣ የጋራውን ምንጭ ግን ብቻውን ሊያጸዳና ሊያከፋፍል አይችልም።

የጋራ ማዕድና የምግብ ዝግጅቶች

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ሕዝብ ክርስቲያንና ሙስሊም ሆኖ ተጎራብቶ የሚኖር ነው። የጓሮው ምርትም በሁለቱም የበዓል አቆጣጠር ይመራል።

በክርስቲያኑ በኩል ወርኃዊ ማኅበር፣ ሰንበቴና ዝክር አሉ። ተረኛው ዳቦ ይጋግራል፣ ጠላ ይጠምቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። የጾም ቀናት ብዙ ስለሆኑ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ስልጆና ተልባ የማዕዱ ዋና ክፍል ናቸው። ስልጆ የባቄላ ዱቄት ከሱፍና ከስናፍጭ ጋር ተዘጋጅቶ እንዲኮመጥጥ የሚደረግ የጾም ምግብ ነው። በነሐሴ 13 ቀን በቡሄ ለልጆች ሙልሙል ይታደላል።

በሙስሊሙ በኩል ሰደቃ፣ መውሊድና ወዳጃ አሉ። ወዳጃ ሰዎች ቡና አፍልተው፣ እጣን አጢሰው በጋራ ዱዓ የሚያደርጉበት የወሎ ልማድ ሲሆን ዝናብ በዘገየ ጊዜም ይካሄዳል። በረመዳን ማፍጠሪያ የገብስና የአጃ ሾርባ ይቀርባል። ቀሪቦ ከገብስ የሚዘጋጅ፣ አልኮል የሌለው መጠጥ በመሆኑ የሁለቱም እምነት ተከታዮች በሚገናኙበት ደቦና ሠርግ ላይ ከጠላው ጎን ይቀመጣል። ሥጋው እንደየእምነቱ ለየብቻ ቢቀርብም ንፍሮው፣ ቆሎው፣ ጎመኑና ቡናው የጋራ ነው። እንግዳ ጠሪዎች ይህን አስቀድመው አስበው ያዘጋጃሉ።

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ የእሸት ወቅት ነው። የባቄላና የአተር እሸት በጥሬው ይበላል፤ የገብስ እሸት ተለብልቦና ታሽቶ ይቀርባል። ከገብስ የሚዘጋጁት ምግቦች ብዙ ናቸው፦ ቆሎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ገንፎ፣ ቂንጬ፣ እንጀራና ዳቦ። በሶ ለመንገደኛና ለዘማች ስንቅ የሆነው ሳይበላሽ ስለሚቆይና እሳት ስለማይፈልግ ነው። ጭኮ በቅቤ ስለሚለወስ ለአራስና ለክብር እንግዳ ይቀርባል።

የአንድ ዘር ዕድል ከምግቡ ጋር የተያያዘ ነው። ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ቅርፊቱ በቀላሉ የሚለቅ የገብስ ዓይነት የሚዘራው ለቆሎ ስለሚፈለግ ነው። ጥቁር ገብስ ለጠላ፣ ነጭ ገብስ ለእንጀራና ለገንፎ ይመረጣል። አንድ ምግብ ከማዕድ ሲጠፋ እርሱን የሚሰጠው ዘርም ከማሳ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት የጋራ የምግብ ዝግጅቶች የዘር ጥበቃ አካል ተደርገው ይታያሉ።

ዘር

የገበሬው ዘር በጎታ፣ በስልቻ፣ በእንስራና በቅል ይቀመጣል። ነቀዝ እንዳያገኘው ከአመድ ጋር ይደባለቃል፤ በምድጃ ጢስ በላይ የሚሰቀልም አለ። ጥሩ ዛላ ገና በማሳው ላይ ሳለ ተመርጦ ለብቻው ይወቃል።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የሀገሪቱን ደጋዎች ከዓለም የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዱ አድርጎ መድቧቸዋል። የኢትዮጵያ ገብስ ከዚያ በኋላ ለዓለም የሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው። የገብስ ቢጫ ድንክ የተባለውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ከኢትዮጵያ ገብስ ተወስዶ ወደ ካሊፎርኒያ ዝርያዎች ተዳቅሏል። እንዲሁም የጀርመን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1937 እና 1938 ከኢትዮጵያ ከሰበሰቡት ገብስ የተገኘ ባሕርይ የአውሮፓን ገብስ ከቅጠል አመዳይ በሽታ ለመከላከል በሰፊው አገልግሏል።

በሌላ በኩል ዘሩን ያቆዩት ገበሬዎች ራሳቸው በረሃብ ብዙ ጊዜ ዘራቸውን አጥተዋል። በ1965 እና 1966 ዓ.ም.፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ ብዙ ቤተሰብ ለዘር ያስቀመጠውን በላ ወይም ሸጠ። ከረሃብ በኋላ ዝናብ ቢመጣም የሚዘራ ነገር ያልነበረው ቤት ዕርዳታ ሆኖ የመጣውን ዘር ለመዝራት ተገደደ። የመጣው ዘር ለአካባቢው ውርጭና አፈር የተስማማ ላይሆን ይችላል።

ይህን ጉዳት ለመጠገን ከተደረጉት ሙከራዎች የታወቀው የዶክተር መላኩ ወረደ ሥራ ነው። በ1968 ዓ.ም. በጀርመን መንግሥት ድጋፍ የተቋቋመውን፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሆነውን የዘር ባንክ ለብዙ ዓመታት መርተዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ከካናዳ ድርጅት ጋር በመተባበር በሸዋና በወሎ ገበሬዎች የየራሳቸውን ነባር ዘር መልሰው እንዲያባዙና በማኅበረሰብ ዘር ባንክ እንዲያስቀምጡ አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የአሠራሩ ዋና ሐሳብ ዘር በማቀዝቀዣ ቤት ብቻ ተቀምጦ አይጠበቅም የሚል ነው፤ በማቀዝቀዣ የተቀመጠ ዘር ከዓየሩ ጋር አይለወጥም፣ በየዓመቱ የሚዘራው ግን ከውርጩና ከድርቁ ጋር እየተላመደ ይሄዳል።

ጓያ

ስለ አካባቢው የምግብ ብዝኃነት ሲወሳ ጓያ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ጓያ በዋልካ መሬት ላይ፣ ዝናብ ካቆመ በኋላ በቀረው እርጥበት የሚበቅል ጥራጥሬ ነው። ድርቅ ይቋቋማል፤ ሌላው ሰብል ሲጠፋ እርሱ ይቀራል። ሆኖም ለረጅም ጊዜ እንደ ዋና ምግብ ከተበላ በውስጡ ያለው መርዝ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይድንም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ከደረሰ ድርቅ በኋላ በደላንታና ዳውንት አካባቢ ብዙ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘዋል።

ጓያን በብዙ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቀቅሎ ውኃውን መድፋትና ከእህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ጎመን፣ ድንችና ሌላ ጥራጥሬ ያለው ቤት ጓያን ከሌላው ጋር አፈራርቆ ይበላል፤ ጓሮ የሌለው ደሃ ግን ጓያን ብቻ ለመብላት ይገደዳል። የጓሮ እርሻ ለጤና ያለው ዋጋ በዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ደንቆሮ ጫካና ብሔራዊ ፓርኩ

የአካባቢው ዋና የተፈጥሮ ዕፅዋት መጠበቂያ የደንቆሮ ጫካ ነው። ቀድሞ የመንግሥት ደን የነበረው ይህ ጫካ በ2000ዎቹ ዓ.ም. በክልሉ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለ ሲሆን ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሚል ስም ይታወቃል። ከሸለቆው እስከ ውርጭ ከፍታ ስለሚዘልቅ ወይራ፣ ጥድ፣ ኮሶ፣ አሜጃ፣ አስታ፣ ጅብራና ጓሳ ይገኙበታል። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ቀይ ቀበሮና የምኒልክ ድኩላ ከሚኖሩበት እንስሳት መካከል ናቸው።

ጫካውና ጓሮው በብዙ መንገድ ይገናኛሉ። ለአጥር የሚሆን እንጨት፣ ለቤት ክዳን የሚሆን ጓሳ፣ ለመድኃኒት የሚሆን የኮሶ አበባ ከጫካ ይመጡ ነበር። ጫካው ያለበት ተራራ ምንጮች የታችኞቹን ጓሮዎች ያጠጣሉ። በአንጻሩ የገብስ ማሳ ወደ ላይ እየገፋ ሲሄድ፣ ማገዶና ግጦሽም ሲበዛ ጫካው ይጠባል። ጓሮ በሚገባ ካፈራ፣ ማገዶም በግቢ ከበቀለ በጫካው ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል። ከጫካው ሌላ የአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢዎችና የአንዳንድ መስጊዶችና የመቃብር ቦታዎች ዛፎች በዙሪያቸው የጠፉትን ሀገር በቀል ዛፎች አቆይተዋል። ወይራና ጥድ ማፍላት የሚፈልግ የችግኝ ጣቢያ ዘር የሚለቅመው ከእንዲህ ያሉ ቦታዎች ነው።

ሕዝብ ራሱ ደንብ አውጥቶ ዕፅዋትን ስለመጠበቁ በአቅራቢያው ያለው ምሳሌ በሰሜን ሸዋ የመንዝ ጓሳ ነው። በዚያ «ቄሮ» በተባለ ሥርዓት ጓሳው ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና በተወሰነ ጊዜ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈት ነበር።

ከዕፅዋት ማዕከላት ጋር ያለው ግንኙነት

በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የዕፅዋት ማዕከላት ዋናው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት ይህ ማዕከል በእንጦጦ ሰንሰለት ላይ 705 ሄክታር ይይዛል። ከፍታው ከ2550 እስከ 2960 ሜትር ስለሚደርስ ከመካነ ሰላም አካባቢ ደጋ ጋር ይመሳሰላል። በባሕር ዛፍ ተይዞ በነበረው መሬት ላይ ሀገር በቀል ዛፎችን መልሶ ማልማት፣ ችግኝ ማፍላት፣ ተማሪዎችን ማስተማርና ጎብኚን ማስተናገድ ከሥራዎቹ መካከል ናቸው። በማዕከሉ መመሥረትና አመራር ስማቸው የሚነሣው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የኢትዮጵያና ኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ፕሮጀክትን መርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የተካሄደው ይህ ፕሮጀክት በሁለቱ ሀገሮች ያሉ ወደ 6000 የሚጠጉ ዕፅዋትን በስምንት ቅጾች መዝግቧል። ከዩኒቨርሲቲዎች ዲላ ዩኒቨርሲቲ የራሱ የዕፅዋት ማዕከል አለው፤ የወንዶ ገነት ምርምር ማዕከልም የመድኃኒትና የመዓዛ ዕፅዋትን ያለማል።

በሌላው ዓለም የዕፅዋት ማዕከላት ከዛፍና ከአበባ አልፈው ሕዝብ የሚቆፍርባቸው መደቦችና የምግብ ቀናት ማዘጋጀት ከጀመሩ ቆይተዋል። የመጀመሪያዎቹ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1545 የተመሠረተው የጣሊያኑ ፓዶቫ፣ ለሐኪሞች ማስተማሪያ የመድኃኒት ዕፅዋት ጓሮዎች ነበሩ። የኒው ዮርኩ ብሩክሊን የዕፅዋት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1914 ጀምሮ ልጆች ራሳቸው አትክልት ዘርተው የሚለቅሙበት መደብ ይዟል። መቀመጫውን በጣሊያን ያደረገው «ስሎው ፉድ» የተባለ እንቅስቃሴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 በአፍሪካ ትምህርት ቤቶችና መንደሮች አትክልት ቦታዎችን ለማስፋፋት ዕቅድ አውጥቷል። በኢትዮጵያ የወንጪን ማር፣ የትግራይን ነጭ ማርና የሐረናን የጫካ ቡና ከሚያስተዋውቃቸው ምርቶች መካከል አድርጓቸዋል።

የእነዚህ ተሞክሮ ለወሎ ደጋ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማዕከሉ ሳይንሳዊ ስምና መዝገብ ሲይዝ ጓሮው ዘሩንና አጠቃቀሙን ይይዛል፤ አንዱ የሌላውን አይተካም። ሁለተኛ፣ ዕፅዋት የሚጠበቁት ሲፈለጉ ነው፤ ጎብኚ ቀምሶ የወደደውን ገበሬ አይተወውም። ዩኒቨርሲቲና ብሔራዊ ፓርክ ጎን ለጎን ባሉበት እንደ መካነ ሰላም ባለ አካባቢ የተማሪዎች የዕፅዋት ስብስብ፣ የትምህርት ቤት መደብና የገብስ ምግቦች አውደ ርእይ በአነስተኛ ወጪ ሊገናኙ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው።

ስጋቶች

የጓሮ እርሻን ከሚያሰጉት ነገሮች የመጀመሪያው የመሬት መጥበብ ነው። ወላጅ ለልጅ ሲያካፍል ጓሮው ለጎጆ መሥሪያ ይሆናል። ሁለተኛው የባሕር ዛፍ መስፋፋት ነው። ወደ ሀገሪቱ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ ስለሚሸጥ ቤተሰቡን ይረዳል፤ ነገር ግን ከአትክልት መደብ አጠገብ ሲተከል ውኃውንና ለምነቱን ይሻማል። ሦስተኛው የበልግ መዛባት ነው፤ በልግ ሲጠፋ ከገብሱ ጋር ድንቹም ይጠፋል፣ የድንች ዘር ደግሞ እንደ እህል ለብዙ ዓመት አይቀመጥም። አራተኛው የነባር ዘር መተካት ነው። የተሻሻለ ዘር በጥሩ ዝናብና በማዳበሪያ የበለጠ ሊሰጥ ይችላል፤ ነባሩ ግን አንድ ላይ ተደባልቆ የሚዘራ ብዙ ዓይነት ስለሆነ በክፉ ዓመት ከጥቂቱም ቢሆን ያተርፋል። ሁለቱንም ጎን ለጎን መያዝ የብዙ ገበሬዎች ምርጫ ነው። አምስተኛው የዕውቀት መቋረጥ ነው፤ ወጣቶች ወደ ከተማና ወደ ዓረብ ሀገር ሲሄዱ የትኛው ዘር ለየትኛው መሬት እንደሆነ የሚያውቁ አሮጊቶችና አዛውንቶች ተተኪ ያጣሉ።

አሁን ያለው ሁኔታ

በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ተከላና በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የግቢ ልማትን በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ አስገብተዋል። የሌማት ትሩፋት በወተት፣ በእንቁላል፣ በዶሮና በማር ላይ ያተኩራል። ማር ለደጋው ወሎ እንግዳ አይደለም፤ በመስከረምና በጥቅምት አደይ አበባ ሲያብብ ቀፎ ከጓሮ አይጠፋም። የንብ መኖ የሆኑት ግራዋ፣ ብሳናና የጎመን አበባም የሚገኙት በዚያው ጓሮ ነው።

በደጋው መንደሮች ጎመንና ድንች ክረምቱን፣ ገብስና ባቄላ በጋውን ማሻገራቸውን ቀጥለዋል። የዘንድሮው የጎመን ፍሬ ለሚቀጥለው ዓመት በቅል ይቀመጣል፤ የተረፈው ለጎረቤት ይሰጣል። በክፉ ዓመት ዘሩ የጠፋበት ቤት መልሶ የሚያገኘው ከዚያው ጎረቤት ነው።